ልዩ መሳቅ ያቆመችው ለምን ነበር

ልዩ መሳቅ ካቆመች ሃያ ወር ሆኗታል። ይህን ልብ ያሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዷ እናቷ ወይዘሮ መሰለች ናቸው፤ እሳቸው ምክንያቱን ያውቃሉ። ሌላው ምንተስኖት ነው፤ እሱ አያውቅም። ባለማወቁም በራሱ ላይ ፈርዶ፣ ፍርዱን ሊቀበል በየእሁዱ ፍራንኮ ሰፈር ካለው የነልዩ ግቢ ይመጣል።

የዚያን እሁድም መጣ። የልዩ አባት አቶ አምባዬ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበር እንደሚቆዩ፣ ወይዘሮ መሰለችም የግቢውን በር ገርበብ አድርገው እንደሚተዉለት ያውቃል።

«አካም ጂርቱ፣ እትዬ መሰለች!»

«ፋያ፣ ልጄ፣ ፋያ። ግባ፤ በረንዳው ላይ ናት።»

ልዩ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣለች። የአዳማ የሰኔ ሙቀት የበረንዳውን ቆርቆሮ እያንጣጣው፣ እሷ ጉልበቷ ላይ ወፍራም ጋቢ ደርባለች። ምንተስኖት ጋቢውን አየ፤ ለምን ብሎ ግን አልጠየቀም። እሷም ግራ ትከሻውን አየች፤ ተሰብሮ ሲገጥም ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ብሎ የቀረውን። ዓይን ለዓይን ግን አልተያዩም።

ከሦስት ዓመት በፊት ልዩ መልካሳ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የቦሎቄ ዝርያ ታጠና ነበር። ምንተስኖት ደግሞ የሁሩታ ልጅ ነው፤ አዳማ ላይ ባጃጅ ይነዳ ነበር። መጀመሪያ ያሳፈራት ቀን ስለ ተሳፋሪዎቹ ሲያወራላት፣ እየሳቀች መውረጃዋን አለፈች። በማግስቱ ሆን ብላ አለፈችው። ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ አምባዬ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሁለት ዲግሪ ያላት ልጅ ለባጃጅ ነጂ!» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉ። ልዩ ግን ፍንክች አላለችም። «አባዬ፣ ከሱ ጋር ስሆን ነው የምስቀው» አለቻቸው። እሳቸውም ለጊዜው ዝም አሉ።

ከዚያ ያ ጥቅምት መጣ። ከመልካሳ ወደ አዳማ ሲመለሱ ጠጠር የጫነ መኪና ከኋላ ገጭቶ ባጃጇን ከአስፋልቱ አሽቀንጥሮ ጣላት። ምንተስኖት ትከሻው ተሰበረ። የልዩ ሕብለ ሰረሰር ወገቧ ላይ ተጎዳ። አቶ አምባዬም ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ምንተስኖት ላይ ጣታቸውን ቀስረው፣ «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» አሉት።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለችው ልዩ።

«ሥራማ ምን ይላል፤ ትናንት አንድ ሰውዬ...» ብሎ ጀመረ። ፊቱ ላይ ያ የድሮው ብርሃን ብልጭ አለ። ልዩ ብርሃኑን ስታይ ደነገጠች። የታች ከንፈሯን ነከሰች፤ ደም ደም እስኪላት።

«ምንተስኖት፣ ደክሞኛል። ሂድ።»

«ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም እኮ።»

«ሂድ አልኩህ።»

ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ዞር ሲል ዊልቸሯን እየገፋች ወደ ውስጥ ስትገባ ጀርባዋን አየ። ዛሬም ይቅር አላለችኝም ብሎ ወጣ።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ከአደጋው በኋላ የልዩ ግራ እግር ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራ። የሽንት ፊኛዋ ግን አልነቃም። ከአንጎሏ የሚላከው ትእዛዝ አይደርሰውም፤ በራሱ ኃይል ጨምቆ ማስወጣት አይችልም። በቀን አምስት ጊዜ ቀጭን ቱቦ እያስገባች ታስወጣለች። ከአንዱ እስከ አንዱ ባለው ሰዓት ግን ፊኛው ይሞላና ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስትስቅ ያመልጣታል። ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ፣ አባቷ በሌሉበት፣ ጠያቂ በሞላበት ሳሎን፣ አክስቷ በተናገሩት ቀልድ ሳቀች። ሶፋው ራሰ። እንግዶቹ ያላዩ መስለው ግድግዳ ግድግዳውን አዩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳይፐር አድርጋ፣ ጋቢ ደርባ፣ ሽቶ ነስንሳ፣ ጥርሷን ነክሳ ትቀመጣለች። በዓለም ላይ አብልጣ የምትወደው ሰው፣ አብልጣ የምትፈራው ሰው ሆነ።

መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና ግንባሯን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አስደገፈች። ማልቀስ አማራት። ግን ስቅስቅ ብሎ ማልቀስም ያስመልጣል። ስለዚህ እንባዋን ብቻ አወረደችው፤ ያለ ድምፅ፣ ያለ ትንፋሽ።

*

ሰኞ ጠዋት አባትና ልጅ ዶክተር ሱሩር ፊት ተቀመጡ። ዶክተሩ ቀጭን፣ ቃላት የሚቆጥብ ሰው ነው። የአልትራሳውንዱን ውጤት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ሁለቱም ኩላሊቶቿ ማበጥ ጀምረዋል» አለ። «ፊኛው ሲሞላ ሽንቱ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው። በዚህ ከቀጠለ ኩላሊቷን እናጣለን።»

አቶ አምባዬ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አዞሩ። «መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት የለውም፤ አንድ ቀዶ ሕክምና ግን አለ። ከግራ ጭኗ ነርቭ አንድ ቅርንጫፍ እንወስዳለን፤ ጤነኛውን፣ ትእዛዝ የሚደርሰውን። ከዚያ ወደ ፊኛዋ ከሚሄደው ከሞተው ነርቭ ጋር በማይክሮስኮፕ እያየን እንሰፋዋለን። አዲሱ ነርቭ በሞተው ውስጥ እያደገ ይሄዳል፤ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል። ከደረሰ ፊኛው ትእዛዝ መስማት ይጀምራል።»

«ከደረሰ» አሉ ዳኛው፤ ቃሏን እንደ ማስረጃ ይዘው።

«ከደረሰ። ሕክምናው አዲስ ነው፤ ቃል አልገባም። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም። ሠራም አልሠራም የሚታወቀው ከአሥር ወር፣ ከዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ነገ ብንል ደግሞ ነርቩ ጨርሶ ይደርቃል። ሐምሌ ላይ ይህን የሚያውቁ ሐኪሞች በእንግድነት ይመጣሉ። ስሟን ላስገባ ወይስ ልተው፣ እስከ ሐሙስ ንገሩኝ።»

«እግሯስ?» አሉ አቶ አምባዬ። «ጭኗን ትነኩታላችሁ አላልከኝም?»

ዶክተሩ አልሸሸም። «ግራ እግሯ ይደክማል። ምናልባት ለወራት። ምናልባትም ለዘለቄታው።»

የልዩ አባት ድንገት ተነሱ። ማለዳ ማለዳ ግቢያቸው ውስጥ በሁለት የውሃ ቧንቧ ባሠሩት መደገፊያ መሐል ልጃቸውን እያቆሙ እርምጃ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት አራት እርምጃ ሄዳለች። አራቱን እርምጃ ለጎረቤት፣ ለማኅበርተኛ፣ ለንስሐ አባታቸው ሳይቀር ነግረዋል።

«ያለችንን አንዲት እግር ወስዳችሁ ለሽንት ልታደርጉት?» አሉ። «በቱቦ ትሸናለች፤ ምን ጎደለ? ሰው የሚቆመው በእግሩ ነው! ልጄ ትሄዳለች። እኔ አስኬዳታለሁ።»

«ጋሽ አምባዬ፣ ኩላሊቱ...»

«ለኩላሊቱ ሌላ ዘዴ ፈልግ!»

ልዩ መናገር ፈለገች። አባዬ፣ እግር ሰው ፊት አያሳፍርም፤ እኔ መሄድ ሳይሆን መድረቅ ነው የምመኘው ልትል አፏን ከፈተች። ግን እንዲህ ያለ ነገር ለአባት እንዴት ይነገራል? እናቷ ሃያ ወር ሙሉ አንሶላውን አባቷ ሳይነቁ ሲያጥቡ ኖረዋል። አፏን መልሳ ዘጋችው። አባቷ ዊልቸሯን ሲገፉ፣ ከኋላዋ ሲተነፍሱ ሰማቻቸው፤ እንደሚወዷት ያን ያህል ተሰምቷት አያውቅም፣ ያን ያህልም ብቻዋን ሆና አታውቅም።

*

ማክሰኞ ወይዘሮ መሰለች ከገበያ ሲመለሱ ከቅርጫታቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ልዩ የምንተስኖትን ስልክ ካላነሳች ቆይታለች፤ በወረቀት ከመጻፍ ሌላ መንገድ አልነበረውም።

«ልዩዬ፣

አልፈርድብሽም። ያን ቀን መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። መኪናው ከኋላ ነው የመጣው ይሉኛል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ አስባለሁ፤ ትንሽ ፈጥኜ ቢሆን፣ ትንሽ ዘግይቼ ቢሆን፣ ያን ጊዜ እያሳቅኩሽ ባልሆን ኖሮ መስታወቱን አይ ነበር እላለሁ። ሃያ ወር ሙሉ አንዲት ፈገግታ ጠበቅኩ። አንዲት ብቻ፤ ይቅር እንዳልሽኝ የማውቅባት። ስታዪኝ ግን ፊትሽ እንደ በር ይዘጋል። አሁን ገባኝ። እኔን ባየሽ ቁጥር ያን መንገድ ነው የምታዪው።

ባጃጇን ሸጫለሁ። ሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ላይ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሐሙስ እወጣለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ልሰናበትሽ እመጣለሁ። ማየት ካልፈለግሽ በሩ ይዘጋ፤ ይገባኛል።

ምንተስኖት»

ልዩ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ብዕር አነሳች። «ውሸት ነው፣ ምንተስኖት፣ አንድ ቀን እንኳ አንተን ጥፋተኛ ብዬ...» ብላ ጀምራ ቀደደችው። እውነቱን ከነገረችው ቀጥሎ «ታዲያ ለምን አትስቂም?» ይላታል። ያን ደግሞ ከመመለስ ሞት ይቀላል። ይሂድ፤ ጠልታኛለች ብሎ ይሂድ። የምትጠላውን ሴት ወንድ ቶሎ ይረሳል። ሽታዋን የሚያስታውሳት ሴት ከመሆን በጥላቻ መታወስ ይሻላል።

«እማዬ» አለች፣ «ነገ በሩ ይከፈትለት። አንድ ጊዜ ብቻ ልየው።»

ወይዘሮ መሰለች የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓሮ ሄዱ።

*

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ወይዘሮ መሰለች ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ፣ አቶ አምባዬ መድኃኒት ቤት ሄደው ነበር። ልዩ ቱቦውን የምትጠቀምበት ሰዓት አልፏል፤ ግን እሱ ሲመጣ ውስጥ እንዳትሆን ፈርታ፣ ትንሽ ብቻ ነው የሚቀመጠው ብላ በረንዳው ላይ ጠበቀችው።

ምንተስኖት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ከፊቷ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ነፋሱ የግቢውን አቧራ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ባጃጇን ማን ገዛት?» አለች በመጨረሻ።

«አንድ ልጅ ከዴራ። አደራ ብዬ ነው የሰጠሁት።» ትንሽ አሰበና፣ እንደ ድሮው ሊያስቃት ብሎ ሳይሆን የመጨረሻውን ቀን ሊነግራት ብሎ ቀጠለ። «ቅዳሜ የመጨረሻ ተሳፋሪዬ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጋቢያቸው ስር አውራ ዶሮ ሸሽገዋል፤ እኔ አላየሁም። መብራቱ ጋ ስንቆም ዶሮው ‘ኩኩሉ!’ ብሎ ለቀቀው። ትራፊኩ እየሮጠ መጣ። ‘ይኼ ምን ዓይነት ክላክስ ነው?’ አለኝ። ሽማግሌው ጸጥ! ‘ደግመህ አሰማኝ’ አለኝ። ክላክሱን ብጫነው ‘ጲጵ’ አለ። ‘እሱን አይደለም፣ የቅድሙን!’ አለና ደብተሩን አወጣ። እኔ ምን ልበል? ‘ጌታዬ፣ የቅድሙ የሚሠራው ሲነጋ ብቻ ነው’ አልኩት።»

ልዩ ከንፈሯን ለመንከስ አልደረሰችም። ሳቁ ከሃያ ወር እስር እንደተለቀቀ ሰው እየሮጠ ከደረቷ ወጣ። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ምንተስኖት አፉን ከፍቶ አያት፤ ፊቱ በራ፣ ዓይኖቹ እንባ ሞሉ። «ሳቅሽ!» አለ። «ልዩዬ፣ ሳቅሽ እኮ!»

ከዚያ ድምፁ ተሰማ። ጋቢው አልያዘውም፤ ዳይፐሩም አልያዘውም። ከዊልቸሩ ስር ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ፣ ከዚያም በቀጭኑ እየፈሰሰ ወደ ምንተስኖት ጫማ ሄደ።

ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሂድ!» ብላ ጮኸች። «አትየኝ! ሂድ!»

እሱ አልተነሳም። ወለሉን አየ፣ ጋቢውን አየ፣ እሷን አየ። ሃያ ወር ሙሉ ያልገባው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ሲገባው ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ለዚህ ነው?» አለ በሹክሹክታ። «የማትስቂው ለዚህ ነው? ለዚች?»

«ለዚች?» ልዩ ዊልቸሩን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ለዚች ነው ያልከው? አንተ ስትስቅ ምን ይሆናል? ምንም! አንሶላህን እናትህ ያጥባሉ? ሰው ሊስምህ ጎንበስ ሲል ትንፋሽህን ይዘህ ትለምናለህ፣ ሽታው እንዳይደርሰው? ለዚች አትበለኝ!»

«እኔ እኮ ጠልተሽኝ መስሎኝ...»

«ምን ብዬ ልጥላህ? የገጨን ያ መኪና ነው! አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ አንተ ነህ ብዬ አላውቅም።»

ምንተስኖት ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የተሰበረው ትከሻ ከፍ ዝቅ አለ። ልዩ መጀመሪያ አዘነችለት፤ ከዚያ ደግሞ ንዴት መጣባት።

«አየህ፣ አንተ ነፃ ወጣህ» አለችው ቀስ ብላ። «እኔ ግን አሁንም እርጥብ ነኝ። ፍቅርህ ልብሴን አያደርቅልኝም፣ ምንተስኖት። ሊያደርቅልኝ የሚችል አንድ ሐኪም አለ፤ ለዚያ ደግሞ አባዬ እንቢ ብለዋል። እግሯን አልሰጥም ብለዋል። እኔ እግር ምን ያደርግልኛል? አራት እርምጃ ሄጄ የት ልደርስ ነው? ሰው መሐል ደርቄ ብቀመጥ፣ እንደ ሰው ስቄ ብነሳ... ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ምንም!»

የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። አቶ አምባዬ የመድኃኒት ቤቱን ፌስታል እንደያዙ የቤቱ ጥግ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አልታወቀም። ምንተስኖት ደንግጦ ብድግ አለ። ሽማግሌው ግን እሱን አላዩትም።

«መሰለች ታውቃለች?» አሉ።

«ታውቃለች፣ አባዬ።»

«ሃያ ወር ሙሉ?»

«ሃያ ወር ሙሉ።»

«እኔ እርምጃ ስቆጥር...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ፌስታሉን በረንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። ከጓሮ ባልዲና ጨርቅ ይዘው መጡ። ሰላሳ ዓመት ችሎት ላይ የተቀመጡት ሰው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። ምንተስኖት ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ።

«ተው» አሉት፣ ቀና ሳይሉ። «ይኼ የኔ ተራ ነው።»

ልዩ የአባቷን ሽበት ከላይ አየች። እሳቸው ጨርቁን ጨምቀው ወለሉን እንደገና ወለወሉ። ምንተስኖት ወደ በሩ እያፈገፈገ፣ «ሞያሌ አልሄድም» አለ፤ ለማን እንደተናገረ ራሱም አላወቀ።

ልዩ ዞር አለች። «ለንስሐ ከሆነ የምትቀረው ቤተ ክርስቲያን ሂድ፤ እኔ የንስሐ አባት አይደለሁም። ሥራህን ሥራ። ስትፈልገኝ ብቻ ና።»

«መቂ ቲማቲም የሚያመላልስ መኪና አለ» አለ ምንተስኖት፤ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ። «ቅርብ ነው። ስፈልግሽ እመጣለሁ። እሁድ እፈልግሻለሁ።»

አቶ አምባዬ ሰሙት፤ ደጄን አትርገጥም አላሉም፣ እርገጥም አላሉም። ልዩ በዚያ ከሰዓት ደስታ ይሁን ውርደት የማታውቀው ነገር ደረቷን ሞልቶት ቀረ።

*

ሐሙስ ጠዋት አቶ አምባዬ የፈቃድ ወረቀቱን መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደ ፍርድ መዝገብ መስመር በመስመር አነበቡት። ልዩ ፈረመች። እሳቸው በምስክርነት ከስሯ ፈረሙ። «ግራ እግር» የሚለው ቃል ላይ ጣታቸው ትንሽ ቆየ።

ቀዶ ሕክምናው ሐምሌ ላይ ሰባት ሰዓት ፈጀ። ዶክተር ሱሩር ሲወጣ፣ «ተሰፍቷል፤ የቀረው የጊዜና የእግዜር ነው» አለ።

ግራ እግሯ እንደተባለው ደከመ። ነሐሴ ላይ ቧንቧዎቹ መሐል ሊያቆሟት ሲሞክሩ ጉልበቷ እንደ እርጥብ ወረቀት ታጠፈ፤ አባቷ አቅፈው መለሷት። አራቱ እርምጃ ሄደ። ለዚያ ምትክ የሆነ ምንም ነገር ግን አልመጣም። ሐኪሙ ያዘዘው ልምምድ አለ፤ መታጠቢያ ቤት ተቀምጣ፣ ኳስ እንደምትመታ ግራ ጉልበቷን ለመዘርጋት መሞከር ነው። ጭኑን የሚያዘው ነርቭ አሁን ወደ ፊኛ ስለዞረ፣ እግሩን ስታዝ ፊኛው አንድ ቀን ይሰማል ተብሏል። በቀን ስድስት ጊዜ ሞከረች። መስከረም ምንም። ኅዳር ምንም። ጥር ላይ ኩላሊቷ ታምሞ፣ ትኩሳት አንቀጥቅጧት ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ዶክተር ሱሩር «ታገሺ» አላት፤ ግን ሲላት ዓይኗን አላያትም።

ምንተስኖት እሁድ እሁድ ከመቂ ይመጣል። አቶ አምባዬ በሩን ራሳቸው ይከፍቱለታል፤ «ደህና ነህ?» ይሉታል፤ ከዚያ በላይ አይሉም። ልዩ ከሱ ጋር ትቀመጣለች። የሚጫወቱት ስለ ቲማቲምና ስለ መንገድ ነው። ሁለቱም ስለ ሚሊሜትሩ አያወሩም።

ግንቦት ሲገባ አሥር ወር ሞላ። ልዩ በሁለተኛው ሳምንት ብዕር አነሳች፤ በዚህ ጊዜ አልቀደደችውም።

«ምንተስኖት፣

አልሆነም። እግሬን ሰጠሁ፤ የሰጠሁበትን አላገኘሁም። አባዬ ቧንቧዎቹን ነቅለው አጥር ጥግ አጋድመዋቸዋል፤ ባየኋቸው ቁጥር እኔ የገደልኩት ሰው ይመስለኛል። ከእንግዲህ የምጠብቀው ነገር የለም። አንተም አትጠብቅ። እሁድ አትምጣ። ስለምወድህ ነው የምልህ፤ ይህን ደግሞ ከዚህ በፊት ስላልነገርኩህ አሁን ልንገርህ።

ልዩ»

እሁድ መጣ። ልዩ ምንተስኖት የሚነዳውን የቲማቲም መኪና ከደጅ ሰማች። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች፤ የልምምዷ ሰዓት ስለነበር የሽንት መለኪያው ከስሩ በተቀመጠበት የመጸዳጃ ወንበር ላይ በእጆቿ ተደግፋ ተቀመጠች። እርምጃው ኮሪደሩ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ልዩዬ።»

«ደብዳቤው አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል። አንብቤ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምን ልሁን ብለህ መጣህ?»

«የመጨረሻውን መስመር ከአፍሽ ልሰማ።»

ከበሩ ወዲያ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ፣ ጀርባው እንጨቱን ሲነካ ሰማችው። ያ ሰላሙ፣ ያ ትዕግሥቱ ነው ያናደዳት። ሁሉም ሰው ታጋሽ ነው፤ እናቷ፣ አባቷ፣ ሐኪሙ፣ እሱ። መታገሥ ያቃታት እሷ ብቻ ናት።

«ሂድ!» አለች። «ሂድልኝ! ከኔ ምን ታተርፋለህ? ሞቷል እኮ! ሁሉም ነገር ሞቷል! አልገባህም?» ብላ በሩን በእግሯ ልትመታው፣ ያንን የማይነሳውን ግራ እግሯን ባለ በሌለ ኃይሏ ላከችው።

እግሩ አልተነሳም። ከእምብርቷ በታች ግን፣ በጣም ከውስጥ፣ አንድ ነገር ተኮማተረ። እንደ ሕፃን እጅ፤ ጨበጥ አድርጎ የሚለቅ።

ልዩ ደረቀች። ቱቦው ገና በማሸጊያው ውስጥ መደርደሪያው ላይ ነው። አልሳቀችም፤ አላሳለችም። ከስሯ ግን ቀጭን ድምፅ ሰማች። ቆመ። ትንፋሿን ይዛ ጉልበቷን እንደገና አዘዘችው። ድምፁ እንደገና መጣ፤ አጭር ነው፣ ግን መጣ። እሷ ስላዘዘችው መጣ።

«ልዩ?» አለ ምንተስኖት፤ ዝምታው አስፈርቶት። «ልዩ፣ ምን ሆንሽ? ጋሽ አምባዬን ልጥራ?»

መለኪያውን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ስልሳ ሚሊ ሊትር። ግማሽ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም። የቀረው አሁንም በቱቦ መውጣት አለበት፤ እጇን ሆዷ ላይ ስታደርግ ሙላቱ ይሰማታል። ይህ መጀመሪያው ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ይኼው ሊሆንም ይችላል። ያን ዶክተር ሱሩርም አያውቅም።

«ስልሳ ነው» አለች፤ ድምፅዋ የሷ አልመስል ብሏት። «ያለ ቱቦ። ብቻውን... አይደለም፤ እኔ ነኝ። እኔ አዝዤው።»

ከበሩ ወዲያ ሰው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ የሚሰማው የታፈነ ድምፅ መጣ። ግቢው ውስጥ አባቷ «ምንድን ነው? ምን ሆነች?» እያሉ ሲቀርቡ ጫማቸው ይሰማል።

ልዩ መለኪያውን በሁለት እጇ ያዘችው። ጥር ላይ ያን ትኩሳት ካለፈች ወዲህ ምንም ነገር አስፈርቷት አያውቅም ነበር፤ የሚወሰድባት የቀረ ስላልነበረ። አሁን ግን እጇ ላይ ስልሳ ሚሊ ሊትር አለ፤ ነገ ላይመጣ የሚችል፣ ሊነጠቅ የሚችል።

«ምንተስኖት» አለች።

«አቤት።»

«እወድሃለሁ። ደግሞ ፈራሁ።»

«እኔም» አለ፤ ከበሩ ወዲያ፤ ስለየትኛው እንደሆነ ሳይለይ። «እኔም፣ ልዩዬ።»